ግዙፉ ተራራ፣ ረቂቁ ሥዕል

(የመግቢያ ሙዚቃ)

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ሠዓሊና ስለ አንድ ተራራ ነው። ሬዲዮ ሥዕል አያሳይምና ሥዕሉን በቃል አብረን እንሥለው። ቤት ያላችሁ ዐይናችሁን ጨፍኑ። መሪ የያዛችሁ ዐይናችሁ ከመንገዱ አይነሣ፤ ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ።

ከፊታችሁ የደብተር ያህል ስፋት ያለው ትንሽ ሸራ አለ። ግርጌው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ቀለም ተዘርግቷል። ከሰማያዊው በላይ አረንጓዴ ጉብታ ተነሥቷል፤ ጫፉ የሾለ፣ ግራና ቀኙ ተዳፋት። ሐምራዊ ቁራጭ ከጎኑ ተደግፎታል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ፈዛዛ ሮዝ ነው። በሮዙ መካከል አንድ ክብ ቢጫ ተንጠልጥሏል። በቃ። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ መንገድ የለም፣ ጥላ እንኳ የለም። ቀለሞቹ እርስ በርሳቸው አልተቀላቀሉም፤ እንደ እርሻ ማሳ ድንበር ለድንበር ተዋስነው ተቀምጠዋል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ቀለሙን የዘረጋው ቢላ ያለፈበት ፈለግ፣ ዳቦ ላይ የተቀባ ቅቤ ላይ እንደሚታየው ሁሉ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ኤቴል አድናን ደጋግማ ትሥል የነበረው እንዲህ ያለውን ሥዕል ነው። ብዙዎቹ ሥራዎቿ ርእስ እንኳ የላቸውም። ሥዕሉ ፊት ሁለት ሰዎች ቢቆሙ አንዱ “ተራራ ነው” ይላል፤ ሌላው “የምን ተራራ? ቀለም ብቻ ነው” ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ተራራው እንዴት ቀለም ብቻ ሆነ? ቀለም ብቻ ሆኖስ እንዴት ተራራነቱን አላጣም? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል እንነጋገር። አብስትራክት የሚባለውን የሥዕል ዓይነት በአማርኛ ረቂቅ ሥዕል እንለዋለን። ይህ ቃል ብዙ ነገር ያስተምራል። በቋንቋችን የረቂቅ ተቃራኒ ግዙፍ ነው። ግዙፍ የሚዳሰሰው፣ የሚጨበጠው ነው፤ ድንጋዩ፣ እንጨቱ፣ ሥጋው። ረቂቅ ደግሞ አለ፣ ግን አይጨበጥም። ነፋስ ረቂቅ ነው፤ ነፍስ ረቂቅ ናት። እንግዲህ ረቂቅ ማለት የሌለ ማለት አይደለም። ብዙዎቻችን ረቂቅ ሥዕል ፊት ስንቆም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የምናውቀውን ዛፍ፣ የምናውቀውን ፊት ስናጣ “ምንም የለበትም” ብለን እናልፋለን። ሠዓሊው ግን ነገሩን አልጣለውም፤ አርቅቆታል እንጂ።

ማርቀቅ እንዴት እንደሚከናወን ለማየት ፒየት ሞንድሪያን የሚባለውን የኔዘርላንድስ ሠዓሊ እናንሣ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ሞንድሪያን ከ1908 እስከ 1912 ባሉት ዓመታት ዛፍ ደጋግሞ ሣለ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በሰማያዊ ምሽት ውስጥ የቆመ ቀይ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ይቆጠራሉ። በ1911 ዛፉ ግራጫ ሆነ፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ቅስት መስመሮች ተለወጡ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው አየርም እንደ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ክብደት አገኘ። በ1912 የሣለው ያበበ የፖም ዛፍ ላይ ስንደርስ ከዛፉ የቀሩት እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቀጫጭን ቅስቶች ናቸው። ሥዕሎቹን በተርታ ያየ ሰው ዛፉ የት ላይ እንደጠፋ ጣቱን ማሳረፍ አይችልም። ዛፉ አልጠፋማ! ሠዓሊው ከቅጠሉ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከቅርንጫፉ ወደ አዘረጋጉ እየገባ ሄደ።

ሞንድሪያን ከዚያ በኋላ ዛፉን ትቶ ወደ ቀጥታ መስመርና ወደ አራት ማዕዘን አመራ። ኤቴል አድናን ግን ከተራራዋ አልተለየችም። እሷን ለዛሬ የመረጥኩበት ምክንያት ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ኤቴል አድናን በ1925 ቤይሩት ተወለደች። ቤይሩት ብዙ እህቶቻችን ሠርተው የኖሩባት፣ ዛሬም የሚኖሩባት ከተማ ናት። አባቷ ደማስቆ የተወለደ ሙስሊም፣ የኦቶማን ጦር መኮንን የነበረ ሰው ነው። እናቷ የሰምርኔስ፣ ዛሬ ኢዝሚር የምትባለው ከተማ ተወላጅ፣ ግሪካዊት ክርስቲያን ናት። ቤት ውስጥ የሚነገረው ቱርክኛና ግሪክኛ ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ ሁሉ ነገር በፈረንሳይኛ ነው፤ ዐረብኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይቀጣል። አባቷ ዐረብኛ ሊያስተምራት አስቦ የሰዋስው መጽሐፍ አውጥቶ ፊደሉን እንድትገለብጥ ያደርጋት ነበር። ሕፃኗ ኤቴል የምትገለብጠውን ነገር ትርጉም ሳታውቅ፣ ገጽ በገጽ፣ በፊደሉ ቅርጽ እየተደሰተች ትገለብጥ ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አደገች፤ ፓሪስ ሶርቦን ገብታ ፍልስፍና አጠናች። በ1955 ወደ አሜሪካ ተሻግራ በበርክሌይና በሃርቫርድ ትምህርቷን ቀጠለች። ከ1958 ጀምሮም ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ሳን ራፋኤል በምትባል ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ የሥነ ጥበብ ፍልስፍና ማስተማር ያዘች። እስከዚያ ድረስ ግን ቡርሽ ጨብጣ አታውቅም።

በኮሌጁ የሥዕል ክፍሉን ትመራ የነበረችው አን ኦሃንሎን አንድ ቀን ጠየቀቻት፤ ሳትሥይ ስለ ሥዕል ፍልስፍና እንዴት ታስተምሪያለሽ አለቻት። ኤቴል እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ሥራ እንደማይሆንላት ትነግራት እንደነበር መለሰች። አንም ይህን አምነሽ ተቀበልሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኤቴል ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳችውም። አን ቀለም፣ ወረቀትና ቁርጥራጭ ሸራ ሰጠቻት፤ ኤቴልም ጀመረች። ያኔ ዕድሜዋ ከሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ልቧን ይበላው ነበር። አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነፃ ለመውጣት እየተዋጋች ነው። ጦርነቱ ከ1954 እስከ 1962 የዘለቀ ነው። ኤቴል ደግሞ የምትጽፈው በፈረንሳይኛ ነበር። በዚያ ቋንቋ መጻፉ ኅሊናዋን ጎረበጠው፤ በዐረብኛ እንዳትጽፍ ደግሞ አልተማረችውም። መውጫው ሥዕል ሆነላት። ከእንግዲህ በዐረብኛ እሥላለሁ እስከ ማለት ደረሰች። ቀለም የማንም ቅኝ ገዥ ቋንቋ አይደለምና።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ተራራውን እናምጣው። ስሙ ታማልፓይስ ይባላል። ከሳን ፍራንሲስኮ የጎልደን ጌት ድልድይን ተሻግሮ የሚገኝ ተራራ ነው። ከፍታው 784 ሜትር ብቻ ነው፤ ለእኛ ለደገኞቹ ኮረብታ ቢመስለን አይፈረድብንም። ነገር ግን የሚነሣው ከባሕር ጠለል ነው። በአንድ ወገኑ ሰላማዊ ውቅያኖስ ተንጣልሏል፤ በሌላ ወገኑ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ። በእግሩ ሥር የጥንት ቀይ እንጨት ዛፎች ያሉበት ጥብቅ ደን አለ። ከውቅያኖሱ የሚነሣው ጉም ሲመጣ ሸንተረሩን ይውጠዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ይተፋዋል። ተራራው በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ተራራ ይሆናል።

ኤቴል ኋላ ሳውሳሊቶ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ስትኖር ይህ ተራራ በመስኮቷ ፊት ለፊት ይታይ ነበር። ጠዋት ሣለችው፤ ማታ ሣለችው፤ በዘይት ቀለም፣ በውሃ ቀለም፣ በጥቁር ቀለም ሣለችው። አንድ ጊዜ ለቴሌቪዥን፣ በሕይወትሽ ካገኘሻቸው ሰዎች ሁሉ ዋናው ማን ነው ተብላ ስትጠየቅ፣ ተራራ ነው ብላ መልሳለች። በ1986 ስለዚሁ ተራራና ስለ ሥዕል “ጉዞ ወደ ታማልፓይስ ተራራ” የሚል መጽሐፍ አሳተመች፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሥዕሎችም የራሷ ናቸው።

አንድን ተራራ ደጋግሞ የሣለ ሰው እሷ ብቻ አይደለችም። ፈረንሳዊው ፖል ሴዛን በተወለደበት አገር፣ ኤክስ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለውን ሴንት ቪክቷር ተራራ በዘይትና በውሃ ቀለም ደጋግሞ ሥሎ አልጠገበውም። ጃፓናዊው ሆኩሳይም ስለ ፉጂ ተራራ “ሠላሳ ስድስት ገጽታዎች” ብሎ የሰየመው የእንጨት ኅትመት ሥራ 46 ሥዕሎች ላይ ደርሷል። የተራራ ነገር እንዲህ ነው። ተራራ አይንቀሳቀስም፤ ብርሃኑ ግን ይንቀሳቀሳል፤ የሚያየውም ሰው ይለወጣል። ያንኑ ደጋግሞ የሚያይ ሰው ቀስ በቀስ የማያልፈውን ከሚያልፈው ይለያል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስኪ አሁን ወደ ሥራ ጠረጴዛዋ ጠጋ እንበል። አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ሸራቸውን በመደገፊያ እንጨት ላይ ያቆማሉ። ኤቴል ግን እንደ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ አጋድማ፣ ተቀምጣ ነበር የምትሥለው። ቀለሙን ከቱቦው ጨምቃ እንዳለ ሸራው ላይ ታደርጋለች። በቡርሽ ፋንታ የቀለም ቢላ ትይዛለች፤ ስለቱ የማይቆርጥ፣ ጎኑ ሰፊ፣ እንደ ቅጠል የሚለመጥ። በቢላው ጎን ቀለሙን በአንድ ጊዜ ስባ ትዘረጋዋለች። ከዚያ ሌላውን ቀለም ከጎኑ። ማደባለቅ የለም፣ ማለስለስ የለም፣ ተመልሶ ማረም የለም። ሥዕሉ የሚያልቀው በአንድ መቀመጫ ነው።

ቢላ ቅጠል አይሥልም። ቢላ የሚችለው ሰፊ ነገር ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ አንድ ጎን፣ አንድ ተዳፋት፣ አንድ ሰማይ። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ ሠዓሊዋን ከዝርዝሩ ይከለክላታል። ከብዙ ሥዕሎቿ ውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን እናገኛለን። ብዙ ጊዜ የምትጀምረው ከእሱ ነበር። ቀዩ መሬት ላይ እንደተተከለ ካስማ ነው፤ ሌላው ቀለም ሁሉ ከእሱ ተነሥቶ፣ እሱን ተደግፎ ይቆማል።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም ጉርብትና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በሚባለው ታዋቂ የግድግዳ ምንጣፍ መሸመኛ፣ የማቅለሚያ ክፍሉን የሚመራ ሚሼል ኤዠን ሸቭረል የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መረመረ፤ ጥፋቱ የክሩ ሆኖ አልተገኘም። ጥቁሩን ያደበዘዙት ከጎኑ የተሸመኑት ቀለሞች ነበሩ። በ1839 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ሕግ ያስረዳል፤ ዐይናችን አንድን ቀለም የሚያየው ከጎረቤቱ ጋር ነው። ሽሮ ሜዳ የጥለት ክር የሚመርጥ ሸማኔ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ያው አረንጓዴ ከቢጫ ጎን ሲገባ አንድ ነው፤ ከጥቁር ጎን ሲገባ ሌላ ነው።

የኤቴል ሥዕሎች የቆሙት በዚህ ሕግ ላይ ነው። አረንጓዴው ጉብታ ከሮዙ ሰማይ ጎን በመዋሉ ወደ እኛ ይመጣል፤ ይከብዳል። ሮዙ ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ርቀት ይሆናል። ጥላ ሳትሥል ጥልቀት፣ ድንጋይ ሳትሥል ክብደት አገኘች። እንግዲህ ተፈጥሮው ያለው እዚህ ነው። ቅጠሉ ቀርቷል፤ የተራራው ክብደት፣ የሰማዩ ርቀት፣ የሰዓቱ ብርሃን ግን ሸራው ላይ አሉ። ግዙፉ ረቀቀ ማለት ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር እንመለስ፤ ያቺ ፊደል የምትገለብጥ ሕፃን። በ1960ዎቹ ኤቴል እንደ አኮርዲዮን በሚተጣጠፍ የጃፓን ወረቀት ላይ መሥራት ጀመረች። ሌፖሬሎ ይባላል። ሲዘጋ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ሲዘረጋ አንዳንዱ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ተራራውን በእሱ ላይ ስትሥል፣ የሸንተረሩ መስመር ከእጥፋት ወደ እጥፋት ይጓዛል፤ ተመልካቹም አብሮት ይሄዳል። በሌሎቹ ላይ ደግሞ የዘመናዊ ዐረብ ገጣሚዎችን ግጥሞች በራሷ እጅ እየገለበጠች በውሃ ቀለም ታጅባቸው ነበር። አባቷ ፊት ተቀምጣ እንዳደረገችው ሁሉ፣ ፊደሉን እንደ ሥዕል ሣለችው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ሰንሱል የሚባል ጥንታዊ የብራና ዓይነት አለ። ረጅሙ ብራና እየተጣጠፈ በመዳፍ የሚያዝ ይሆናል፤ ሲዘረጋ ቅዱሳኑ በተርታ ቆመው ይታያሉ። በሰንሱልም ሆነ በሌፖሬሎ ሥዕሉ በአንድ ጊዜ አይታይም። እየገለጡ፣ እየቆዩ፣ ያለፈውን እያስታወሱ ነው የሚታየው። ዜማን እንደ መስማት ነው።

ሕይወቷ ግን በመስኮት ፊት ተቀምጦ ያለፈ ጸጥተኛ ሕይወት እንዳይመስላችሁ። በ1972 ወደ ቤይሩት ተመለሰች፤ በጋዜጣ ላይ የባህል አምድ አዘጋጅ ሆነች። በዚያው ከተማ የሕይወት አጋሯ የሆነችውን ሠዓሊ ሲሞን ፋታልን አገኘች። በ1975 የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ፤ ኋላም ከአገሯ ወጣች። በጦርነቱ ላይ የጻፈችው “ሲት ማሪ ሮዝ” የሚለው ልቦለድ በ1977 ፓሪስ ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። የቪየትናም ጦርነትም በእንግሊዝኛ ግጥም አስጽፏታል። በብዕሯ ስለ ደምና ስለ ግፍ ጻፈች፤ በቢላዋ ግን ተራራና ፀሐይ ሣለች። እንዴት ነው ነገሩ ተብላ ስትጠየቅ፣ የደስታዋ ወገን ሥዕሏ ውስጥ እንዳለ ትናገር ነበር። እኔ ይህን ከዓለም መሸሽ አድርጌ አላየውም። ከተማው የፈረሰበት ሰው የማይፈርስ ነገር ቢያይ፣ ለሌላውም ቢያሳይ፣ ትልቅ አገልግሎት ነው። በስተእርጅናዋ ፓሪስ ስትኖር ታማልፓይስ ከመስኮቷ አይታይም ነበር። ቢሆንም ሣለችው። ተራራው ያን ጊዜ ከዐይኗ ወጥቶ ወደ ውስጧ ገብቶ ነበር።

ዓለም በሰፊው ያወቃት ዘግይቶ ነው። በ2012 በጀርመን ካሰል ከተማ በሚደረገው ዶኩሜንታ በተባለው ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ ትናንሾቹ ሥዕሎቿ ሲሰቀሉ 87 ዓመቷ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2021፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ በ96 ዓመቷ ፓሪስ ስታርፍ፣ ኒው ዮርክ ጉገንሃይም ሙዚየም ውስጥ ዐውደ ርእይዋ ክፍት ነበር።

ገጣሚም ሠዓሊም መሆን ሲነሣ ገብረ ክርስቶስ ደስታን አለማስታወስ አይቻልም። ሐረር የተወለደው፣ ጀርመን ኮሎኝ የተማረው፣ “ሀገሬ” የሚለውን ግጥም የጻፈልን ገብረ ክርስቶስ ረቂቅ ሥዕልን ይዞ አዲስ አበባ ሲመለስ “ይህ የእኛ አይደለም” ያሉት ብዙ ነበሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። እሱና ኤቴል ተዋውቀው እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገንም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ በቃል የማይጨበጠውን በቀለም ፈለጉት።

(አጭር ሙዚቃ)

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከመለያየታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። እኔ ራሴ ይህን ዝግጅት ሳሰናዳ ሞክሬዋለሁ። ከቤቴ መስኮት የእንጦጦ ሸንተረር ይታያል። አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አየሁት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባሕር ዛፉ አንድም ግንድ አይለይም፤ ሸንተረሩ እንደ ፈሰሰ ጥቁር ቀለም ነው። 2 ሰዓት ላይ የየቤቱ ጭስ ወገቡ ላይ ተኝቶ ተራራውን ከመሬት ያነሣዋል። እኩለ ቀን ላይ ይገረጣል፤ የቀረበም ይመስላል። ማታ 12 ሰዓት ሲቃረብ ሰማያዊም ሐምራዊም ያልሆነ፣ ስም ያላገኘሁለት ቀለም ይለብሳል። ብዙ ዓመት በዚያ መስኮት አጠገብ ቡና ጠጥቻለሁ፤ ያን ቀለም ግን ያየሁት በዚህ ሳምንት ነው።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጡ፤ ተራራ፣ ኮረብታ፣ የጎረቤት ዋርካ፣ በስደት ያላችሁም ከፎቃችሁ የሚታይ የሕንፃ ጫፍና ሰማይ ይበቃችኋል። ሰባት ቀን፣ በየቀኑ በተለያየ ሰዓት፣ ለአምስት ደቂቃ እዩት። ከዚያ የልጆቹን የቀለም እርሳስ ተዋሱና በትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት ቀለም ብቻ አስቀምጡ። ቅጠሉን አትቁጠሩ፣ መስኮቱን አትሣሉ። የከበደው የቱ ነው? የራቀውስ? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ለእነዚህ ብቻ በቀለም መልሱ። እጄ ሥራ አይሆንለትም የምትሉ ካላችሁ ደግሞ አን ኦሃንሎን ኤቴልን የጠየቀቻትን አስታውሱ።

የእኔ ወረቀት አሁን ከፊቴ ነው። ከታች ጥቁር አረንጓዴ፣ በላዩ ያ ስም የሌለው ቀለም፣ ከላይ ብርቱካናማ። ትናንት ማታ የጎረቤቴ ልጅ አየችውና፣ ምን እንደሆነ ሳልነግራት፣ ጣቷን ወደ መስኮቱ ዘረጋች።

በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ደህና እደሩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)